ካርታው ሳያርፍ ለምን ይገለበጣል?

ጥያቄ፦ በዩኒቲ (የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር) የካርታ ጨዋታ እየሠራሁ ነው። ካርታው ከክምሩ ተነሥቶ ጠረጴዛው ላይ ያርፋል፣ ይገለበጣል፣ ከዚያ ነጥቡ ይቆጠራል። ኮልባክ (አንድ ሥራ ሲያልቅ የሚጠራ ፈንክሽን) ውስጥ ኮልባክ መክተት ሲያስጠላኝ ሦስቱን በዩኒአርኤክስ (ክስተቶችን እንደ ጅረት የሚያያይዝ የዩኒቲ ላይብረሪ) ኮንካት በሚባለው ማያያዣ አያያዝኳቸው። ግን ሦስቱም እኩል ይነሣሉ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ኮንካትን አትጠርጥሪው። የላክሽውን ኮድ አየሁት፤ ሦስቱም ፈንክሽኖች ገና ሲጠሩ ትዊናቸውን (ካርታውን ቀስ በቀስ የሚያንቀሳቅሰውን አኒሜሽን) ያስነሣሉ። ኮንካት ተራ አስከባሪ ነው። ሰዉ ግር ብሎ ከገባ በኋላ በሩ ላይ ቢቆም ምን ሊያደርግ?

እያንዳንዱን እርምጃ ሥራን በሚያዘገየው በዲፈር ጠቅልይው። ያኔ ሰብስክራይብ የሚያደርገው (ውጤቱን ለመቀበል የሚመዘገበው) እስኪመጣ ድረስ ትዊኑ አይነካም። ኮንካት ደግሞ ቀጣዩን ሰብስክራይብ የሚያደርገው የፊተኛው ኦንኮምፕሊትድ («ጨርሻለሁ») ሲል ብቻ ነው። በቃ፣ ተራው ተያዘ።

ለመገልበጡ ድምፅ ከፈለግሽ ድምፁንና መገልበጡን ሁለቱም እስኪያልቁ በሚጠብቀው በዌንኦል አጣምረሽ እንደ አንድ እርምጃ አስገቢያቸው።

በሰሌክትሜኒ ልሞክር እንዳትዪ ብቻ። እኔ ሞክሬው ጉድ ሆኛለሁ። የካርታዬ በረራ የደረሰበትን ቦታ በየፍሬሙ (በእያንዳንዱ የስክሪን ምስል) ይልክ ነበር፤ ሰሌክትሜኒ ደግሞ በመጣለት እሴት ልክ ቀጣዩን እርምጃ ያስጀምራል። ግማሽ ሰከንድ በረራ፣ በሰከንድ 60 ፍሬም፦ 30 መገልበጥ! ካርታው ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጥፋቱን ትዊኑ ውስጥ ስፈልግ አመሸሁ። መፍትሔው ከሰሌክትሜኒ በፊት ላስት የምትል አንዲት ቃል ነበረች፤ በረራው ሲያልቅ የመጨረሻውን እሴት ብቻ ታሳልፋለች።

በካርታው ዙሪያ ብልጭ ድርግም የሚለውንም ብርሃን ሰንሰለቱ ውስጥ እንዳታስገቢው። ማለቂያ የለውም፣ ስለዚህ ኮምፕሊት አይልም፤ ከኋላው ያለው ሁሉ ቆሞ ይቀራል።

ሌላው፣ ተጫዋቹ መሐል ላይ ሲወጣ ነው። አድቱ (ሰብስክሪፕሽኑን ከካርታው ዕድሜ ጋር የሚያስረው) ሰብስክሪፕሽኑን ይቆርጥልሻል፤ ትዊኑን ግን በራሱ አይገድለውም። ኦብዘርቫብሉን (እሴት የሚልከውን ጅረት) በክሪኤት ስትሠሪ በምትመልሺው ዲስፖዘብል (ሰብስክሪፕሽኑ ሲቆረጥ የሚሠራ ማጽጃ) ውስጥ ትዊኑን ግደይው። አለዚያ የጠፋ ካርታ ሊያበር ሲሞክር ኮንሶሉ በቀይ ጽሑፍ ይሞላል።

ዛሬውኑ በየእርምጃው መነሻ ላይ የፍሬሙን ቁጥር ሎግ አድርጊ። ሦስቱም አንድ ዓይነት ቁጥር ካሳዩ ዲፈሩ ገና አልገባም።