ከረንቱ በየት ይመለሳል?

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ወሎ ውስጥ ፊዚክስ ለምትማሩ ሁሉ ነው። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያ፣ ቆቦ፣ መካነ ሰላም፣ የትም ሁኑ። እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በኤሌክትሪክ ሥራ ነው። ሞተር ጠምጥሜአለሁ፣ የወፍጮ ቤትና የፋብሪካ መስመር ጠግኛለሁ። እጄ ላይ ሥራ የለመዱ ወጣቶችም ብዙ ናቸው።

አብዛኞቹ ጎበዝ ተማሪዎች ነበሩ። ቮልቴጅ ማለት ከረንት ሲባዛ በሬዚስታንስ መሆኑን ሳይተነፍሱ ይነግሩኛል። ከዚያ አንድ የባትሪ ድንጋይ፣ አንድ የእጅ ባትሪ አምፖልና አንዲት ቁራጭ ሽቦ ሰጥቼ "እስቲ አብሩልኝ" እላለሁ። ብዙዎቹ እዚህ ላይ ይያዛሉ። ሽቦውን ከድንጋዩ አናት ወደ አምፖሉ ታች ያገናኙና ይጠብቃሉ። አይበራም።

ያላሰቡት መመለሻውን ነው። ከረንት ከድንጋዩ በአንዱ ጫፍ ይወጣል፣ በአምፖሉ ውስጥ ያልፋል፣ በሌላው ጫፍ ወደ ድንጋዩ ይመለሳል። አምፖሉም ሁለት በር አለው። አንዱ ከታች ያለችው ትንሽ ነጥብ ናት፤ ሌላው ጎኑን የከበበው ብረት። ነጥቧን ድንጋዩ አናት ላይ አስቀምጡ። ሽቦውን ከአምፖሉ ጎን ወደ ድንጋዩ ታች ውሰዱ። በራ።

ያልበራላችሁ ደግሞ አብሽሩ፤ ያስተማረን ሰው ስለሌለ ነው እንጂ ከባድ ሆኖ አይደለም። ከእኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ውሰዱ፤ ከረንቱ በየት ይመለሳል? ፈተና ላይ የዑደት (ሰርኪት)፣ ማለትም ከረንት ወጥቶ የሚመለስበት መንገድ፣ ስዕል ስታዩ ጠይቁት። የተበላሸ ሬዲዮ ስትከፍቱ ጠይቁት። ሽቦ ልትነኩ ስትሉማ ሁለት ጊዜ ጠይቁት።

መምህራን ከረንትን በቧንቧ ውሃ ይመስሉታል። ለመጀመሪያው ቀን ጥሩ ነው። በሁለተኛው ቀን ግን ተዉት እላለሁ። ቧንቧ ሲቆረጥ ውሃው መሬት ላይ ይፈሳል። ሽቦ ሲቆረጥ ግን ከረንቱ የትም አይፈስም፤ በዑደቱ ሁሉ ላይ ወዲያው ይቆማል። አምፖልም ከረንት አይበላም። የገባው ያህል ይወጣል። አምፖሉ ወደ ብርሃንና ወደ ሙቀት የሚለውጠው ጉልበቱን ነው። ይህ ያልገባው ልጅ ሁለት አምፖል በተርታ ሲያገናኝ "ሁለተኛው ደብዘዝ ይላል፣ የመጀመሪያው በልቶበታልና" ይላል። አንድ ዓይነት አምፖሎች ከሆኑ እኩል ነው የሚደበዝዙት። ሞክሩትና እዩት።

ኮምቦልቻ አካባቢ ያላችሁ የአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐራ ገበያን የባቡር መስመር ታውቁታላችሁ። ለኤሌክትሪክ ባቡር የተሠራ መስመር ነው፤ 25,000 ቮልት እንዲሸከም የታሰበ። ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋውን ሽቦ ከሩቅ ሆናችሁ እዩት። ባቡሩ ከላይ የሚነካው አንድ ሽቦ ብቻ ነው። ታዲያ መመለሻው የት አለ? ሐዲዱ ራሱ ነው። ከረንቱ ከላይ ገብቶ፣ በሞተሮቹ ሠርቶ፣ በብረት ጎማዎቹ በኩል ወደ ሐዲዱ ወርዶ ይመለሳል። ምሰሶው ላይ መውጣትን ግን በሕልማችሁም አታስቡት። እንዲህ ያለ ቮልቴጅ ሳይነኩትም በአየር ዘልሎ ይይዛል።

ሽቦ ላይ ያረፈች ርግብ ለምን አትሞትም? ሁለቱም እግሮቿ አንድ ሽቦ ላይ ናቸው። መመለሻ የላትም። እኛ መሬት ላይ ቆመን ያንኑ ሽቦ ብንነካ ግን መሬቱ መመለሻ ይሆናል። ከመብራት ኃይል ትራንስፎርመር ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ አለ፤ መመለሻ ሽቦው፣ ኒውትራሉ፣ ከመሬት ጋር ታስሯል። ስለዚህ ከፌዙ፣ ማለትም ቮልቴጁን ከያዘው ሽቦ፣ በሰውነታችን፣ በእግራችን፣ በመሬቱ አድርጎ እስከ ትራንስፎርመሩ ድረስ ዑደቱ ይሞላል።

ቁጥሩን አብረን እንሥራው። የቤታችን መስመር 220 ቮልት ነው። የረጠበ ሰውነት ሬዚስታንስ ወደ 1,000 ኦም ሊወርድ ይችላል። 220 ለ1,000 ሲካፈል 0.22 አምፒር ነው። አንድ የድሮ የእጅ ባትሪ አምፖል 0.3 አምፒር ያህል ይወስዳል። አያችሁት? ትንሿን አምፖል በቅጡ የማያበራ ከረንት ሰው ይገድላል። ለሰው ደህንነት የሚገጠሙት ብሬከሮች 0.03 አምፒር ላይ እንዲቆርጡ የሚደረገውም ለዚህ ነው። ክረምት ላይ ደሴ ውስጥ ወለሉም ጫማውም ይረጥባል። በባዶ እግር ወይም በእርጥብ እጅ ሶኬት አትንኩ። ሰው በኤሌክትሪክ ሲያዝ ብታዩ ሮጣችሁ አትጨብጡት፤ እናንተም የዑደቱ አካል ትሆናላችሁ። መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱ። ካልተቻለ ብቻ ደረቅ ነገር ላይ ቆማችሁ በደረቅ እንጨት አላቅቁት።

አሁን ወደ ማግኔት ልምጣ። መጽሐፍ ማግኔትን አንድ ምዕራፍ፣ ዑደትን ሌላ ምዕራፍ ያደርገዋል። በሥራ ላይ ግን ሁለቱ አይለያዩም። ይህን ለዓለም ያሳየው የዴንማርኩ ሃንስ ክርስቲያን ኧርስቴድ ነው፤ በ1820 እ.ኤ.አ.። ከረንት የሚያልፍበትን ሽቦ ወደ ኮምፓስ ሲያስጠጋ መርፌው ዞረ። ከረንቱን ሲያቋርጥ መርፌው ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሞተር፣ ደወል፣ ስፒከር ሁሉ የዚያች መርፌ ልጅ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ኮምፓስ ከሌላችሁ ሥሩት። የስፌት መርፌ ውሰዱ። በማግኔት ደጋግማችሁ አሹት፤ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ። ከዚያ በትንሽ የወረቀት ቁራጭ ላይ አድርጋችሁ ሳህን ውስጥ ያለ ውሃ ላይ አንሳፍፉት። ዞሮ ሰሜንና ደቡብን ይይዛል። እኛ አገር ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ማግኔታዊው የምድር ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። በክር የተንጠለጠለ ማግኔት አውሮፓ ውስጥ አፍንጫውን ወደ መሬት ይደፋል፤ እኛ ጋ ግን አግድም ማለት ይቻላል፣ ይተኛል። በ1950 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ውስጥ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ሲቋቋም ይህ ቦታ ለሳይንስ ተፈላጊ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የምትኖሩበት አገር ለዚህ ትምህርት ሩቅ አይደለም።

ወደ ሽቦው እንመለስ። አንድ ቀጥ ያለ ሽቦ የሚፈጥረው ማግኔት ደካማ ነው። ሽቦውን ስትጠመጥሙት ግን የእያንዳንዱ ዙር ጉልበት ይደመራል። መሃሉ ላይ ብረት ስታስገቡ ደግሞ ብዙ እጥፍ ይሆናል። እንግሊዛዊው ዊሊያም ስተርጀን በ1825 እ.ኤ.አ. ይህን አደረገ። ሽቦው ባዶ መዳብ ስለነበር ዙሮቹን አራርቆ ጠመጠመ፤ 18 ዙር። ትንሹ ብረት ከራሱ ብዙ እጥፍ የሚከብድ ነገር አነሳ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አሜሪካዊው ጆሴፍ ሄንሪ ሽቦውን በክር ሸፍኖ ዙሩን በዙር ላይ ደራረበው። በ1831 እ.ኤ.አ. ከ900 ኪሎ በላይ የሚያነሳ ኤሌክትሮማግኔት ሠራ። ሄንሪ ያን ጊዜ የትምህርት ቤት መምህር ነበር። የከረንትን ሕግ ያወጣው ኦምም እንዲሁ መምህር ነበር።

ሽፋኑ ለምን ይህን ያህል ለውጥ አመጣ? ጥያቄያችንን ጠይቁ። ባዶ ሽቦዎች ከተነካኩ ከረንቱ ዙሩን ሁሉ መዞር አያስፈልገውም፤ በተነካኩበት አቋርጦ ይመለሳል። ዙሩ አለ፣ ግን አይሠራም። ዛሬ የምንጠመጥምበት ሽቦ ባዶ መዳብ ይመስላል እንጂ ስስ ቫርኒሽ ተቀብቷል። "ሞተሩ ተቃጠለ" ስንል በአብዛኛው ያ ቫርኒሽ ነው የተቃጠለው። መዳቡ አለ። ዙሮቹ ግን ተነካክተዋል፤ ኮንታክት ሆኗል።

ሞተር ለምን እንደሚቃጠል በደንብ ልንገራችሁ፤ ይህን የሚያውቅ ልጅ የትም ሥራ ያገኛል ብዬ አምናለሁ። ቆቦ ላይ ማሽላ ሲደርስ ወፍጮ ቤት ሰልፍ ይሆናል። ሁሉም ሰው የኤሌክትሪክ ምድጃ ስላበራ ወይም መስመሩ ረጅም ስለሆነ ቮልቴጁ ይወርዳል። የኦምን ሕግ ብቻ የያዘ ልጅ "ቮልቴጅ ከወረደ ከረንትም ይወርዳል፣ ሞተሩ ምንም አይሆንም" ይላል። ለአምፖል እውነት ነው። ለሞተር ግን ተቃራኒው ይሆናል።

የሚሽከረከር ሞተር ራሱም በውስጡ ቮልቴጅ ያመነጫል። ማግኔት በጥቅል ሽቦ አጠገብ ሲንቀሳቀስ ቮልቴጅ ይፈጠራል፤ ይህን ማይክል ፋራዳይ በ1831 እ.ኤ.አ. አሳይቶናል። ሞተሩ የሚያመነጨው ቮልቴጅ ከመስመሩ የሚመጣውን ይቃወመዋል። ከረንቱን የሚይዘው ይህ ተቃውሞ ነው። ሞተሩ ገና ሲነሳ ስላልዞረ ተቃውሞ የለውም፤ ስለዚህ ከመደበኛው 5 እስከ 7 እጥፍ ከረንት ይስባል። ማብሪያውን ስታበሩ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚለው ለዚያ ነው። አሁን መስመሩ ደክሟል፣ የወፍጮው ድንጋይ ላይ ደግሞ እህል ሞልቷል። ሞተሩ ያንኑ ሸክም ለማዞር ሲታገል ዝግ ይላል፤ ብዙ ከረንት ይስባል። ሙቀት በከረንቱ ልክ አይጨምርም፤ ከረንቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ቫርኒሹ ይሸታል። ሞተሩን ከሚመግቡት ሦስት ፌዞች አንዱ ሲቋረጥ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ሞተሩ ያጉረመርማል፣ አይነሳም። ያን ድምፅ ከሰማችሁ ምክንያት አትፈልጉ፤ አጥፉት። ከዚያ በኋላ በቴስተር ሦስቱንም ለዩ።

ይኸው ሙቀት ቤታችን ውስጥም አለ። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ቢሆን ወደ 16 አምፒር ይስባል። በቀጭን ማራዘሚያ ስታያይዙት ማራዘሚያው ምጣድ ይሆናል። አንዳንድ ሰው ቫልቮላው በተቃጠለ ቁጥር ይናደድና በወፍራም ሽቦ ይተካዋል። እባካችሁ እናቶቻችሁ ቤት ይህን ካያችሁ ዝም አትበሉ። ቫልቮላው የተሠራው ከግድግዳው ሽቦ በፊት እንዲቃጠል ነው። እሱን ስታወፍሩት የሚቃጠለው ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ነው።

ፋራዳይን ካነሳሁ አይቀር፣ አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። እሱም መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሥራ ሲለምድ ነው ያነበበው። እኛ አገር ቀጥቃጩን ምን እያልን ስንጠራው እንደኖርን ታውቃላችሁ። ለእኔ ይህ ንቀት እስከ ዛሬ ያመኛል። ቀጥቃጭ ቤት ሄዳችሁ በአክብሮት ጠይቁ። ብረቱ ደማቅ ብርቱካናማ እስኪሆን ሲግል ማግኔት በጉጠት ይዛችሁ አስጠጉ፤ አይስበውም። ብረት ወደ 770 ዲግሪ ሲደርስ የማግኔት ጠባዩን ያጣል። ሲቀዘቅዝ ይመለስለታል። ይህን በዓይኑ ያየ ልጅ ሙቀት ለምን ማግኔትን እንደሚያጠፋ አይረሳም።

ሴቶች ልጆችም ስሙኝ። ሽቦ መጠምጠም ትዕግሥትና ጥንቃቄ ነው የሚፈልገው። የወንድ ሥራ ነው የሚላችሁን ሰው ትታችሁ እለፉ።

የመጀመሪያ ሥራችሁ ይህ ይሁን። ደሴም ኮምቦልቻም ሞተር ጠምጣሚ ቤቶች አሉ። የተቃጠለ ሽቦ በኪሎ ስለሚሸጥ ብዙ አትጠይቁ፤ ከአዲሱ ጥቅል የተረፉ ጥቂት ሜትሮች ይበቋችኋል። የሁለቱን ጫፎች ቫርኒሽ በምላጭ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ፋቁ፤ ካልተፋቀ ከረንቱ መግቢያ የለውም። ሚስማር ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ 50 ዙር ጠምጥሙና ከአንድ የባትሪ ድንጋይ ጋር አገናኙ። ስንት ስፒል እንዳነሳ ጻፉ። ከዚያ 100 ዙር አድርጉትና እንደገና ቁጠሩ። ከጥቂት ሰከንድ በላይ አታቆዩት፤ ሽቦውም ድንጋዩም ይግላሉ። የስልክ ባትሪ እንዳትጠቀሙ፤ ይፈነዳል፣ እሳት ይነሳል። ከግድግዳው ሶኬት ጋርማ በፍጹም። ስታላቅቁት ሚስማሩ ጥቂት ስፒል ይዞ ከቀረ አትገረሙ፤ ንጹሕ ለስላሳ ብረት ስላልሆነ ነው። በሚስማሩ ምትክ ከአሮጌ ትራንስፎርመር የወጣ የብረት ቅጠል አስገቡና ልዩነቱን ከቁጥሮቹ አጠገብ ጻፉት።