ከ900 ሜትር በታች የሚጠፋው ሲቲዲ

ከባሕር ዳር ማሪታይም አካዳሚ ወጥተህ አሁን የምርምር መርከብ ላይ በኤሌክትሪክ ክፍል የምትሠራው ወንድሜ፣ መልእክትህ ደርሶኛል። ለሌሎቻችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ሲቲዲው፣ ማለትም የባሕሩን ጨዋማነት፣ ሙቀትና ጥልቀት የሚለካው መሣሪያ፣ ዴክ ላይ፣ ማለትም መርከቡ ወለል ላይ፣ ሲሞከር ሰላም ነው። ሲወርድ ግን 900 ሜትር ገደማ ላይ ዳታው መዝለል ይጀምርና ጭራሽ ይጠፋል፤ ሲወጣ 600 ላይ ይመለሳል። የመጀመሪያው ቀን የጠፋው 1,400 ላይ ነበር። ልጁ የዊንቹን (ኬብሉን የሚጠቀልለውንና የሚያወርደውን ማሽን) ስሊፕ ሪንግ፣ ማለትም ከሚዞረው ጥቅልል ሲግናሉን የሚያሻግረውን ቀለበት፣ ሁለቴ ፈትቶ አጽድቷል። ሳይንቲስቶቹም ሌሊት 9 ሰዓት በሩን ማንኳኳት ጀምረዋል።

ስሊፕ ሪንጉን ተወው። እሱ ቢሆን ዊንቹ ሲዞር ረብሾ ሲቆም ይተው ነበር። ያንተ ችግር ከጥልቀት ጋር ነው የሚሄደው፣ በዚያ ላይ በየቀኑ ወደ ላይ እየመጣ ነው። ሳላየው ልወራረድ፤ የዊንቹ ኬብል ከሲቲዲው ገመድ ጋር የተቀጠለበት ቦታ ውሃ ገብቶበታል።

ዴክ ላይ ለምን ደህና ሆነ? በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በ1 ባር ገደማ ይጨምራል። 1,000 ሜትር ላይ 100 ባር ደረሰ ማለት ነው። ይህ ማለት በአውራ ጣትህ ጥፍር ስፋት ላይ አንድ ኩንታል ጤፍ መጫን ነው። የጣና ጥልቁ ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ እዚያ ያደገ ሰው ይህን ጉልበት አያውቀውም። ቅጥሉ ውስጥ ትንሽ አየር ቀርቶ ከሆነ ኩንታሉ አየሩን ይጨፈልቀዋል፣ ጎማውን ያጣብቀዋል፣ አየሩ በለቀቀው ቦታም ጨው ውሃ ይገባል። ከዚያ መዳቡና የኬብሉ የውጭ ብረት ይገናኛሉ፣ ሲግናሉ ይሞታል። ሲወጣ አየሩ ተነፍቶ ውሃውን ይገፋዋል፤ ጨውና እርጥበቱ ግን እዚያው ይቀራሉ። ለዚህ ነው ትናንት 1,400 የቻለው ዛሬ 900 የማይችለው።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ዴክ ዩኒቱን፣ ማለትም መርከቡ ላይ ሆኖ በኬብሉ ለሲቲዲው ኃይል የሚሰጠውንና ዳታውን የሚቀበለውን ሳጥን፣ አጥፋ፣ ሶኬቱንም ንቀልና ወረቀት ለጥፍበት። በብዙዎቹ ሲቲዲዎች ላይ ያ ኬብል 250 ቮልት ገደማ ዲሲ ነው የሚሸከመው፣ አንተ ደግሞ በረጠበ ዴክ ላይ በረጠበ እጅ ነህ። ኬብሉን ከሁለቱም ጫፍ ነቅለህ የሽፋኑን መቋቋም በሚለካው በ500 ቮልት ሜገር ለካው። ሲቲዲው እንደተሰካ ሜገር ብታደርግ መሣሪያውን አቃጥለህ ነው የምትገኘው። ንባቡ ከወረደ ተረጋገጠ፤ ጥሩ ቢሆንም አትመነው፣ ዴክ ላይ ኩንታሉ የለም። ስትጨርስ መዳቡን ከውጭ ብረቱ ጋር አገናኝተህ አራግፈው። ኪሎሜትሮች የሚረዝም ኬብል እንደ ካፓሲተር ቻርጅ ይይዛል፣ ያላራገፈ ሰው ይመታል።

ቅጥሉን ክፈተው። እኔ አንድ መርከብ ላይ ስከፍት ያገኘሁት ጥቁር ናስትሮ በናስትሮ ላይ ነበር፣ እንደ ሽንኩርት ብልጠው ብልጠው ውስጡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። የቀጠለው ሰው ሰገነት ላይ አምፖል የሚያስገባ መስሎታል መሰለኝ! ያንተም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የተጣመመውንና የዛገውን ኬብል ጭምር ቁረጥ፣ ለሜትር አትሳሳ። መዳቡን እስኪያበራ አጽዳው፣ ሶልደር አድርገው፣ በአልኮል ጥረገው። ከዚያ በራሱ የሚጣበቅ የጎማ ቴፕ፣ ከላዩ ውስጡ ሙጫ ያለው ሄት ሽሪንክ፣ ማለትም ሲሞቅ የሚጠብ ቱቦ። ሙጫ የሌለውን ርካሹን ወርውረው፤ ሲሞቅ ያምራል እንጂ ውሃ አይዘጋም። ክብደቱ በቅጥሉ ላይ እንዳያርፍ ገመዱን ላላ አድርገህ እሰረው፤ ሸክሙን የሚይዘውን መያዣም እንደገና ካሰርክ ባሕር ላይ ከመስቀልህ በፊት በጭነት ፈትነው።

ኮኔክተሩ ላይ ስስ የሲሊኮን ግሪስ ብቻ። ደብሊውዲ ፎርቲ የሚባለውን የዝገት ማላቀቂያ ዘይት አትርጭ፣ ጎማውን ይበላዋል። ስትሰካው ጎማውን በጣትህ ጭመቅና አየሩን አስወጣ።

እንደገና ልበልህ፤ ዴክ ዩኒቱ ሳይጠፋ፣ ኬብሉም ሳይራገፍ ጣትህ መዳብ አይንካ። አዲሱን ቅጥል ወደ 1,500 ላከው። አሁንም እዚያው 900 ላይ ከጠፋ ተጨማሪ ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ ንቀል፣ የሚሰካባቸውን ቀዳዳ በመክደኛ ዝጋና ደግመህ አውርድ። የአንዱ ገመድ ውሃ ገብቶበት ሁሉንም ይዞ ሲወድቅ አይቻለሁ።