በኦፕራሲዮን የወለድኳት ልጄ ለምን እንግዳ ሆነችብኝ?

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ልጄን በኦፕራሲዮን ከወለድኩ 4ኛ ቀኔ ነው። ያቀፍኳት ከ3 ሰዓት በኋላ ነበር። ሳያት ታሳዝነኛለች እንጂ የእናትነቱ ስሜት አልመጣልኝም። ወተቴም ገና ነው፤ አማቴ «ስኳር በውሃ እናቅምሳት» ይላሉ። ምን ላድርግ?
አራስ፣ ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ እህታችን፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ! ያመለጠሽ ነገር የለም። በምጥ ከወለዱትም ብዙዎቹ ፍቅሩ የሚመጣላቸው ቀስ በቀስ ነው። ባንቺ ላይ ደግሞ የቁስሉ ህመምና እንቅልፍ ማጣቱ ተጨምሮበታል።

ወተትሽም የዘገየው በምክንያት ነው። እንግዴ ልጁ ሲወጣ ጡት ወተት ማምረት ይጀምራል፤ የፈሰሰው ደም፣ ህመሙና ልጅቷ ዘግይታ መጥባቷ ግን ያጓትቱታል። በምጥ ለወለደች በ2 ወይም በ3 ቀን የሚመጣው ወተት ላንቺ 4 ወይም 5 ቀን ሊፈጅ ይችላል። እስከዚያ እንገሩ ትንሽ ቢመስልም ዋጋው ትልቅ ነው። ስኳር ውሃ ሆዷን ሞልቶ መጥባቱን ያስረሳታል፤ ያልተጠባ ጡት ደግሞ ወተት አይጨምርም። አማትሽን ከስኳሩ ይልቅ ልጅቷን እያነሱ እንዲያቀብሉሽ ለምኛቸው፤ ጎንበስ ብለሽ ማንሳት ለቁስልሽ አይበጅም።

ዛሬውኑ ልብሷን አውልቀሽ፣ ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ አስቀርተሽ፣ ባዶ ደረትሽ ላይ በሆዷ አስተኛት። ፊቷ ወደ ጎን ዞሮ አፍንጫዋ ይታይ፣ አገጯ ደረቷ ላይ አይታጠፍ። ጀርባዋን በጋቢ ሸፍኚና ቢያንስ 1 ሰዓት ቆዩ። እንቅልፍ ከመጣብሽ ሌላ ሰው ይቀበልሽ። የጣና ንፋስ ያሰጋናል ብለው ከሰል ክፍሉ ውስጥ እንዳያስገቡ፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል፤ ደረትሽ በቂ ሙቀት አለው።

ስታጠቢ ሆድሽ ላይ አታስተኛት። ጎንሽ ላይ ትራስ አድርጊ፣ ሰውነቷን በብብትሽ ስር አሳልፊ፣ እግሯ ወደ ኋላሽ ይሁን። የጡት ጫፉን ብቻ ከያዘች ያቆስልሻል፣ ወተትም አታገኝም፤ አፏን በሰፊው ስትከፍት ጥቁሩን ክብ ጭምር አጉርሻት። በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ አጥቢ። ካልያዘችልሽ አውራ ጣትና ሌባ ጣትሽን ከጡቱ ጫፍ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቀሽ አስቀምጪ፣ ወደ ደረትሽ ገፋ፣ ከዚያ ጨመቅ አድርጊ፤ የወጣውን በንጹሕ ማንኪያ ስጫት። የታዘዘልሽን ማስታገሻም ሰዓቱን ጠብቀሽ ውሰጂ፤ ህመም ወተቱ እንዳይወርድ ያግዳል።

ዛሬ ቢያንስ 4 ጊዜ ሽንት ልትሸና፣ ካካዋም ከጥቁር ወደ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ሊቀየር ይገባል። ሽንቷ ካነሰ፣ ለመጥባት ካልነቃች፣ ዓይኗ ቢጫ ከሆነ ወይም ካተኮሳት፣ ወይም አንቺ ትኩሳት ከያዘሽ ወይም ቁስሉ መግል ካወጣ፣ ሳታድሪ ሐኪም ቤት ሂዱ። ሐዘን ከተሰማሽና ከ2 ሳምንት ካለፈም ለአዋላጅሽ ንገሪያት፤ ሕክምና ያለው ሕመም ነው።