በአፈር መም ላይ መወዳደር ለምትመኙ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

አብዛኞቻችሁ ስታገኙኝ የምትጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ፈጣን ለመሆን ምን ላድርግ?» ትላላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም የምሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ ጠያቂውን ቅር ያሰኘዋል። በአፈር መም ላይ ሃያ ስድስት ዓመት መኪና ነድቼ ተወዳድሬአለሁ፤ መንዳት ካቆምሁም በኋላ ከመሙ አልራቅሁም። አስፋልት ላይ የሚወዳደር ሰው ከሁሉ በፊት መኪናውን ማወቅ አለበት፤ የእኛ ሰው ግን ከመኪናውም በፊት አፈሩን ማወቅ ይኖርበታል። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ያያችሁት አፈር ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ በቦታው የለም።

መሙ የሚዘጋጀው ሸክላማው አፈር በግሬደር ተስተካክሎ፣ በቦቴ ውሃ ጠጥቶ፣ ከዚያም በመኪና ጎማ ተጠቅጥቆ ነው። ምሽቱ ሲጀምር አፈሩ እርጥብ ስለሆነ ጎማ ይይዛል፤ በዚያን ሰዓት እግሩን ከነዳጅ መርገጫው ሳያነሣ ኩርባውን የሚዞር ሁሉ ጀግና ይመስላል። የማጣሪያ ውድድሮቹ እየተካሄዱ ሲመጡ ግን ጎማዎቹ እርጥቡን አፈር እየፋቁ ወደ ውጭ ይወረውሩታል፤ የመሙም መሐል እየደረቀና የሚያንሸራትት እየሆነ ሄዶ በመጨረሻ እንደ ተወለወለ ጫማ ጥቁርና አንጸባራቂ ይሆናል። የተወረወረው አፈር ደግሞ በውጭው ጠርዝ ተከምሮ ኩሽን የምንለውን እርከን ይሠራል። የቀኝ የኋላ ጎማውን እዚያ እርከን ላይ አስደግፎ መዞር የሚችል ሰው ሌላውን ጥሎ ያልፋል፤ በአንድ ስንዝር የሳተ ግን ከእርከኑ በላይ ወጥቶ ከግንቡ ይላተማል ወይም ይገለበጣል። ምሽቱ ሲጀምር ጀግና የመሰለው ልጅ በዋናው ውድድር ላይ ጎማውን በከንቱ እያሽከረከረ ወደ ኋላ ሲቀር ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ጀማሪ ሳለሁ አብረውን የሚወዳደሩ አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። ሁላችንም በየመኪናችን ዙሪያ ስንራወጥ እሳቸው ብቻቸውን መሙን በእግራቸው ይዞሩ ነበር። በየኩርባው ቆም ይሉና አፈሩን በተረከዛቸው ይጫኑታል፤ ከዚያም ቁንጥር አንሥተው በመዳፎቻቸው መካከል ያድቦለብሉና በአውራ ጣታቸው ይደፈጥጡታል። ድቡልቡሉ ሳይፈረካከስ ጠፍጠፍ ካለ እርጥበቱ ከሥር አለ፤ ከተፈረካከሰ ግን ያ ቦታ ከሁሉ ቀድሞ ይደርቃል። ዞረው ሲመለሱ ለመካኒካቸው «ሦስተኛው ኩርባ በታች በኩል ዛሬ አይደርቅም» ብለውት ዝም አሉ፤ በታች የምንለው የመሙን ውስጠኛ ጠርዝ ነው። እኔ ሰምቼ ሳቅሁ። በዚያው ምሽት፣ ውድድሩ ሊያልቅ አራት ዙር ሲቀረው፣ ሦስተኛው ኩርባ ላይ በታች በኩል አልፈውኝ ሄዱ።

አፈሩን ማንበብ ይህን ያህል የሚያስፈልገው መኪናው ስሕተትን የሚታገሥ ስላልሆነ ነው። እኔ የነዳሁት ስፕሪንት ካር የሚባለው ባለ ክንፍ ትንሽ የውድድር መኪና ወደ 900 የፈረስ ጉልበት የሚደርስ ሞተር ተሸክሞ ክብደቱ 700 ኪሎ ግራም እንኳ አይሞላም። ፍሪሲዮን የለውም፣ ካምቢዮ የለውም፣ ሞተሪኖም የለውም፤ የሚነሣው በሌላ መኪና ተገፍቶ ነው። ዲፈረንሻልም ስለሌለው ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በአንድ ወጥ ዘንግ ላይ እኩል ይሽከረከራሉ፤ የቀኙ ጎማ ዙሪያ ከግራው ስለሚበልጥ መኪናው በራሱ ወደምንዞርበት ወደ ግራ ይሳባል። ይህ ልዩነት በጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲለወጥ የምትነዱት ሌላ መኪና ይሆናል። ስለዚህ የጎማችሁን ዙሪያ ራሳችሁ ለኩ፤ ነፋሱንም ራሳችሁ ሙሉ። መካኒኩ አይታመንም ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን መኪናው ኩርባ ላይ ወገቡን ሲጥል ምክንያቱ አፈሩ ይሁን ጎማው የምትለዩት ቁጥሩን ስታውቁ ብቻ ነው።

እንደዚሁ መኪናውን ራሳችሁ እጠቡ። ይህን ስናገር ፊቱን የሚያዞር ወጣት አይጠፋም። ነገር ግን የተሰነጠቀ ብየዳ የሚገኘው ጭቃው ሲነሣ ነው። እኔ አንድ ሌሊት ደክሞኝ የፊቱን ክፍል በውሃ ብቻ አርከፍክፌ ተኛሁ፤ በማግሥቱ ቀጥታው መጨረሻ ላይ የፊት እግሩ ከብየዳው ተላቀቀና ሦስት ጊዜ ተገለበጥሁ። ስብራቱን ስናየው ግማሹ ዝጎ ነበር፤ ማለትም ስንጥቁ ከዚያ ቀን በፊት ጀምሮ እዚያው ነበረ። ሌላ ሰው የምወቅስበት ምንም ምክንያት አልነበረኝም።

ስለ ኑሮው ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 ቴድ ጆንሰን የመሠረተው ወርልድ ኦፍ አውትሎውስ የስፕሪንት ካር ትልቁ ተዘዋዋሪ ውድድር ነው፤ ስቲቭ ኪንሰር በዚህ ውድድር 20 ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል። እናንተ ዋንጫዎቹን ትቆጥራላችሁ፤ እኔ ግን የሚታየኝ ከየካቲት እስከ ኅዳር ድረስ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው በሌሊት የሚነዳው የጭነት መኪና ነው። ከዚህ ይልቅ የሳምንቱን ቀናት በሌላ ሥራ አሳልፎ ቅዳሜ ማታ በቅርቡ ባለ መም ላይ መወዳደርን የሚመርጥ ሰው ከሙያው አላነሰም፤ እንዲያውም ከማውቃቸው ምርጥ የአፈር አንባቢዎች ሁለቱ እንዲህ ያሉ ሰዎች ነበሩ። ገንዘብን በተመለከተ የምለው አጭር ነው፤ ቢፈነዳ ማሳደስ የማትችሉትን ሞተር አትግዙ።

አፈሩን ወደ አስፋልት መሸጋገሪያ ድልድይ ብቻ አድርገው የሚያዩትም አሉ። ጄፍ ጎርደንና ቶኒ ስቱዋርት ከአፈር ተነሥተው የናስካር፣ ማለትም የአሜሪካ ታዋቂ የአስፋልት መኪና ውድድር፣ ሻምፒዮኖች መሆናቸው እውነት ነው። ነገር ግን ስቱዋርት እ.ኤ.አ. በ2004 ኦሃዮ ውስጥ የሚገኘውንና በ1954 የተከፈተውን የኤልዶራን የአፈር መም ገዛ። ካይል ላርሰንም እ.ኤ.አ. በ2021 የናስካርን ዋና ሻምፒዮናነት ባገኘበት በዚያው ዓመት በቱልሳ በጣሪያ ሥር የሚካሄደውን ቺሊ ቦውል የተባለ የአፈር ውድድር፣ በአይዋ ደግሞ ኖክስቪል ናሽናልስ የተባለውን የስፕሪንት ካር ውድድር አሸንፏል። ድልድይ ቢሆን ኖሮ ከተሻገሩ በኋላ ምን ይመልሳቸው ነበር?

አሁን ወደማልወደው ነገር ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2001 የናስካር ተወዳዳሪው ዴል ኧርንሃርት በዴይቶና መም ላይ ከሞተ በኋላ ናስካር ሄልሜትን ከትከሻ ጋር አያይዞ አንገትን የሚጠብቀውን መሣሪያ በዚያው ዓመት ግዴታ አደረገው። በየመሙ የምታገኙት አዘጋጅ ግዴታ ቢያደርገውም ባያደርገውም እናንተ ያለ እርሱ መኪና ውስጥ አትግቡ። ቀበቶ በጊዜ ብዛት ጉልበቱን ያጣልና ቀኑ ሲያልፍ፣ አዲስ ቢመስልም፣ ጣሉት። ነዳጃችን ሜታኖል ሲቃጠል ነበልባሉ በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ጓደኛችሁ ያለ ምክንያት ልብሱን ሲያራግፍ ካያችሁ ምክንያቱን ሳትጠይቁ ውሃ ይዛችሁ ሩጡ። መኪናችሁ መሙ መሐል ቢቆም ደግሞ እሳት ካልያዘ በስተቀር ረዳቶች እስኪደርሱ ድረስ ከውስጡ አትውጡ፤ ተናዳችሁ ወርዳችሁ እጃችሁን ልትወነጭፉበት የምታስቡት ሰው በአቧራው ውስጥ አያያችሁም። የአፈር መም ተወዳዳሪው ብራያን ክሎሰን እ.ኤ.አ. በ2016 በካንሳስ ግዛት ቤልቪል መም ላይ በደረሰበት አደጋ ሲሞት ገና 27 ዓመቱ ነበር፤ ልምድም ችሎታም የጎደለው ሰው አልነበረም።

እኔም አንድ ጊዜ ጭንቅላቴን ተመትቼ ለሐኪሙ ዋሽቻለሁ። ቀኑን ጠየቀኝ፤ መካኒኬ ከበስተጀርባው ሆኖ በጣቱ አሳየኝ። በሳምንቱ ተወዳደርሁ፤ ያን ውድድር ግን እስከ ዛሬ አላስታውሰውም። አራተኛ መውጣቴን ያወቅሁት ከተጻፈው ውጤት ነው። ያ መካኒክ ወዳጄ ነው፤ ሆኖም ስለዚያ ቀን ሁለታችንም አንሥተን አናውቅም።

መንዳት ያቆምሁት ማንም አቁም ሳይለኝ ነው። ወደ መጀመሪያው ኩርባ ስገባ እግሬን ከበፊቱ ቀደም አድርጌ ማንሣት ጀምሬ ነበር፤ ተመልካች አላየውም፣ ሰዓት መያዣው ግን አይቶታል። አሁን በየሳምንቱ መጨረሻ መሙን ውሃ የማጠጣው እኔ ነኝ። ከንጋት ጀምሬ ቦቴውን ይዤ እዞራለሁ፤ ነፋሱን፣ ደመናውን፣ ያለፈውን ሳምንት ዝናብ አስቤ የቱ ኩርባ ስንት ዙር እንደሚጠጣ እወስናለሁ። አመሻሹ ላይ ደግሞ የተሸነፈው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል፤ አንዱ አብዝተሃል ይለኛል፣ ሌላው አሳንሰሃል ይለኛል። ቅሬታ ይዞ ለሚመጣ ወጣት ሁሉ የምመልሰው አንድ ነው፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መጥቶ ቦቴው ላይ አብሮኝ እንዲወጣ እጋብዘዋለሁ። እስካሁን የመጡት ሁለት ናቸው፤ አንደኛዋ እንዲያውም ኪስዋ ውስጥ አፈር ይዛ ሄደች።