ሰባት ሲባዛ በስምንት

ጤና ይስጥልኝ፤ ለምክር አምድ አዘጋጅ፦

ይህን የምጽፍልዎት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ባለቤቴ ተኝቷል። እኔን እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ዛሬም ያቺን ታሪክ ደገማት።

እኔና እሱ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጥነው። አምስተኛ ክፍል እያለን የሒሳብ መምህራችን ሰሌዳው ፊት አቁመው «ሰባት ሲባዛ በስምንት ስንት ነው?» አሉኝ። ጠፋኝ። አለቀስኩ። በቃ ይኸው ነው። እሱ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ያወራዋል። አለቃቀሴን ሳይቀር ያስመስላል። «መልሱን በሹክሹክታ ያቀበልኳት እኔ ነኝ» ይላል፤ ሰው ይስቃል። ያቀበለኝ መልስ 54 እንደነበር ግን አይናገርም! እሱን አምኜ 54 ብዬ፣ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ የቆምኩት እኔ ነኝ። በኋላ መምህሩ ለብቻዬ ጠርተው ማን እንደነገረኝ ሲጠይቁኝም ስሙን አላነሳሁም። ይህን እስከ ዛሬ አያውቅም።

ዛሬ ማታ ደግሞ ያወራው የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ፊት ነው። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ያስቡት እስቲ። ባለፈው ወር የክፍሉ ኃላፊ ሆኛለሁ። ለእሱ የነገርኩት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ያው ጊዜ አልተመቸኝም፤ ይህ እንኳ ሌላ ጉዳይ ነው። የሚያንገበግበኝ ያቺ ታሪክ ናት። ተው ስለው «አንቺ ደግሞ ቀልድ አታውቂም» ይለኛል። 31 ዓመቴ ነው፤ ዛሬም በትምህርት ቤት ቅጽል ስሜ ነው የሚጠራኝ። ለእሱ እኔ ያቺው ሰሌዳ ፊት የምታለቅስ ልጅ ነኝ።

ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዳይመስልዎት። ዩኒቨርሲቲ የደረሰን ለየብቻ ነበር። አራት ዓመት በተለያየ ከተማ ኖርን፤ እሑድ እሑድ እንደዋወል ነበር። ከተመረቅን በኋላ ነገሩ ቀስ እያለ ተለወጠ። መቼ እንደሆነ ብጠየቅ መልስ የለኝም። «ወደድኩሽ» የተባልኩበት ቀን የለም። አንድ ቀን ስለ ቤት ኪራይ ስናወራ «የእኛ ቤት» እያልን ራሳችንን አገኘነው። ከተጋባን አራት ዓመት ሆነን።

በቀደም አንዲት ጓደኛዬ «አብሮ ያደገ ሰው ወንድም እንጂ ባል አይሆንም» አለችኝ። ሳቅኩ። ቤት ስገባ ግን ሳቁ ጠፋ። ሌላ ሰው ስለማላውቅ ይሆን እንዴ ያገባሁት? ይህ ፍቅር ነው ወይስ መላመድ?

ከዴስኩ ያልተነሳሁት

*

እህቴ፣

«ይህ እንኳ ሌላ ጉዳይ ነው» ያልሽው ቦታ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሹመት አግኝተሽ ለባልሽ ሁለት ሳምንት አልነገርሽውም። አንድ ገበታ እየበላችሁ፣ አንድ አልጋ ላይ እያደራችሁ! ጊዜ አልተመቸኝም አትበይኝ። «ተሾምኩ» ለማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

እኔ የሚመስለኝን ልንገርሽ። «ሰባት ሲባዛ በስምንት ያቃታት ልጅ!» ብሎ እንዳይስቅብሽ ፈርተሽ ነው። ፍርሃትሽ ይገባኛል። ግን የ11 ዓመቷን ልጅ ብቻ ነው የሚያውቀው ብለሽ ትከሽዋለሽ፤ የ31 ዓመቷን ሴት ደግሞ ትደብቂበታለሽ። ታዲያ ከየት አምጥቶ ይወቃት? ሰው ያለውን ታሪክ ነው የሚያወራው። አዲስ ካላገኘ ያንኑ አሮጌውን ያላምጣል።

መደበቅ ለአንቺ የቆየ ነገር ነው። ያኔ የእሱን ጥፋት ደበቅሽለት። እዚያ ላይ ስደርስ ወደድኩሽ። አሁን የምትደብቂው ደስታሽን ነው፤ ይሄ አልጣመኝም።

እሱንም አላመሰግነውም። ሚስትን እሷ በምታዛቸው ሠራተኞች ፊት መሳቂያ ማድረግ ቀልድ አይደለም። አንቺ የማትስቂበት ከሆነ ቀልዱ ለማን ነው?

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ጓደኛሽ ያለችው ነገር ከመሬት አልተነሳም። ኤድዋርድ ዌስተርማርክ የሚባል የፊንላንድ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1891 ከሕፃንነታቸው ጀምሮ አብረው የኖሩ ሰዎች ሲያድጉ እንደ ወንድና ሴት እንደማይፈላለጉ ጽፎ ነበር። በእስራኤል ኪቡትዝ በሚባሉት የጋራ መንደሮች፣ በአንድ የሕፃናት ቤት ያደጉ ልጆች እርስ በርስ የሚጋቡት ከስንት አንዴ መሆኑ በኋላ ተጠንቷል። ልብ በይ ግን፤ ይህ አብረው ስለታጠቡ፣ አብረው ስለተኙ ሕፃናት ነው። እናንተ የተገናኛችሁት አራተኛ ክፍል ነው። ደወል ሲደወል እሱ ወደ ቤቱ፣ አንቺ ወደ ቤትሽ። ወንድምሽ አይደለም፤ ይህን ከራስሽ አውጪው።

መላመዱስ? አለበት እንጂ። ሮበርት ዛየንስ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጥናት፣ ሰው ደጋግሞ ያየውን ነገር ወደ መውደድ እንደሚያደላ አሳይቷል፤ ትርጉም የሌለው ቃልም ይሁን የማያውቀው ሰው ፎቶ። ግን መላመድ ብቻውን የሚያጋባ ቢሆን የክፍሉን ወንድ በሙሉ ባገባሽ ነበር! ሁሉንም በየቀኑ ታይያቸው ነበር። ከዚያ ሁሉ ልጅ መሃል እሑድ እሑድ የደወልሽው ለአንዱ ነው። አራት ዓመት፣ በሌላ ከተማ፣ ማንም አብራችሁ ተቀመጡ ሳይላችሁ። እነዚያን ዓመታት በአንድ መስመር አለፍሻቸው። ዴስኩን መምህር መርጦላችሁ ይሆናል፤ ስልኩንስ ማን መረጠላችሁ?

እኔ ቀስ ብሎ ለሚመጣ ፍቅር አዳላለሁ፤ አልክድም። «ወደድኩሽ» የተባሉበትን ቀንና ሰዓት የሚያስታውሱ፣ የዛሬው ወሬ ግን የጠፋባቸው ስንት ሰዎች ጽፈውልኛል መሰለሽ።

ስለዚህ ሹመትሽን እንደ አዲስ ንገሪው። ለምን ሁለት ሳምንት እንደዘገየሽም ጨምሪበት፤ ያቺን ታሪክ ለምን ሰው ፊት እንደማትፈልጊያትም። እዚህ ላይ ይደነግጥ ይሆናል። ይደንግጥ።

ከዚያ ስለ 54 አንሺለት። መምህሩ ለብቻሽ ጠርተው የጠየቁሽንም ንገሪው፤ ስሙን አለማንሳትሽን። እንግዳ ፊት ግን አይደለም። በ11 ዓመትሽ ያላጋለጥሽውን ሰው አሁን አታጋልጪው። ሁለታችሁ ብቻችሁን ስትሆኑ ይሁን።

ምን እንዳለሽ ደግሞ ጻፊልኝ።