ማርኩ ኮሜንቱን ሲበላው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፣ አንድ ክፍል ውስጥ 58 ተማሪ አለኝ። ተከታታይ ምዘና አድርጉ ስለተባልን አርብ አርብ ኩዊዝ እሰጣለሁ፣ ቅዳሜና እሁዴ በእርማት ነው የሚያልቀው፣ አንዲት ስህተት አላልፍም ሁሉንም በቀይ አስተካክዬ ነው የምመልሰው። ሰኞ ስሰጣቸው ግን ማርኳን ያያሉ፣ «ስንት አመጣህ» ይባባላሉ፣ በቃ ወረቀቱ ደብተር ውስጥ ይገባል። በሳምንቱ ያው «ሺ ጎ» ብለው ይመጣሉ። ጥፋቱ የኔ ነው የነሱ?
እስክሪብቶ የጨረሰችው

መልስ፦ እህቴ አይዞሽ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ራሴን ነው ያየሁት። ማስተማር የጀመርኩ ሰሞን ድርሰት ሳርም ከተማሪው ይልቅ እኔ ነበርኩ ብዙ የምጽፈው። አንድ ቀን አንዱ ልጅ ወረቀቱን ተቀበለኝና ማርኩ ያለበትን ጥግ ሦስት ማዕዘን አድርጎ አጠፈው፣ ጎረቤቱ እንዳያይበት፣ ከዛ አንድ መስመር ሳያነብ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። እኔ ደግሞ ያቺ ወረቀት ላይ ግማሽ ሰዓት አጥፍቼ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ ተናድጄበት ነበር፣ ልጁ ግን ምን ያድርግ፣ ቁጥሩ «አልቋል» ብሎታል።

ያንቺም ችግር እዚህ ጋ ይመስለኛል። አርብ አርብ ኩዊዝ መስጠት ተከታታይ ፈተና ነው እንጂ ተከታታይ ምዘና አይደለም፣ 5 ከዚህ 10 ከዚያ እየተለቃቀመ 100 የሚሞላ ከሆነ ያው ትልቁ ፈተና ተቆራርሶ ቀረበ ማለት ነው። ሁለቱን መጀመሪያ በስም የለያቸው ማይክል ስክሪቨን የሚባል የግምገማ ምሁር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1967፣ የሚገርመው እሱ ያን ጊዜ ስለ ተማሪ ሳይሆን ስለ ሥርዓተ ትምህርት ግምገማ ነበር የሚያወራው፤ ሥራው ገና እየተሠራ እያለ ለማስተካከል የሚደረግ ግምገማ አንድ ነገር ነው፣ ካለቀ በኋላ ለመፍረድ የሚደረገው ሌላ ነው ነው ያለው። እና እስቲ ራስሽን ጠይቂ፣ አርብ ያገኘሽው ውጤት ሰኞ የምታስተምሪውን ቀይሮት ያውቃል? ካላወቀ ኩዊዙ ለሮስተሩ ነው የሠራው፣ ለልጆቹ አይደለም።

ማርኩ ኮሜንቱን ይበላዋል የምለው ደግሞ ከሆዴ አይደለም። ሩት በትለር የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣችው ጥናት ለአንዱ ቡድን ማርክ ብቻ፣ ለሌላው ኮሜንት ብቻ፣ ለሦስተኛው ሁለቱንም ሰጠች። የተሻሻሉት ኮሜንት ብቻ ያገኙት ናቸው። ሁለቱንም ያገኙትስ? እነሱ ማርክ ብቻ ካገኙት ጋር ነው የተመሳሰሉት፣ ኮሜንቱ እንዳልተጻፈ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ማርክ መዝግቢ ከተባልሽ የራስሽ መዝገብ ላይ መዝግቢ፣ ወረቀቱን ግን ያለ ቁጥር መልሺላቸው፣ ቁጥሩን አስተካክለው ከጻፉ በኋላ ትነግሪያቸዋለሽ። መጀመሪያ ሰሞን ይጮሃሉ፣ ይጩሁ።

ሌላው፣ ለምንድነው ሁሉንም የምታርሚው? ጆን ትራስኮት የሚባል የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1996 የሰዋስው እርማት ጭራሽ ይቅር ብሎ ጽፎ ትልቅ ጭቅጭቅ አስነስቷል፣ ሌላዋ ተመራማሪ ዳና ፌሪስ በ1999 መልስ ሰጥታዋለች፣ እኔ ይቅር እስከማለት አልሄድም ግን አንድ ገጽ ላይ 30 ቀይ ምልክት ያየ ልጅ የቱን ይያዝ? ለሳምንቱ አንድ ነገር ምረጪ። በዚህ ሳምንት «ሺ ጎ» ከሆነ ሌላውን እንዳላየሽ እለፊው፣ እሱንም «ጎዝ» ብለሽ አትጻፊለት፣ ዳር ላይ «3ኛው መስመር ላይ ሁለት አሉ፣ ፈልጋቸው» በይው። ከዛ ሰኞ ስትገቢ መጀመሪያ 10 ደቂቃ ስጫቸው፣ እዛው ክፍል ውስጥ ፈልገው አስተካክለው ያሳዩሽ፣ የቤት ሥራ ካደረግሽው አለቀልሽ። 40ው ተመሳሳይ ስህተት ከሠሩ ደግሞ 40 ጊዜ ከመጻፍ አንዴ ሰሌዳ ላይ ማስተማር ነው። 58ቱንም በየሳምንቱ በጥልቀት ማንበብ የለብሽም፣ 12 12 እያደረግሽ ብታዞሪያቸው በአምስት ሳምንት ሁሉም ይደርሳቸዋል፣ እሁድሽም ይመለስልሻል።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ፣ ስናገር መምህሬ አርመውኝ ይሁን አድንቀውኝ አይገባኝም። ባለፈው «አይ ጎ ሆም ዬስተርዴይ» ስል «ኦ፣ ዩ ዌንት ሆም፣ ጉድ» አሉኝ። እኔ ጉድ የሚለውን ይዤ ቁጭ አልኩ፣ ስህተት መሥራቴን ጓደኛዬ ነው የነገረኝ።

መልስ፦ ሳቄን አልቻልኩም፣ ግን አንተ ብቻ አይደለህም። መምህርህ ያደረጉት ያንተን ዓረፍተ ነገር አስተካክሎ መልሶ ማለት ነው፣ አስተማሪዎች ተማሪ ላለማሳፈር በጣም የምንወደው ዘዴ ነው። ላይስተርና ራንታ የሚባሉ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ካናዳ ውስጥ በፈረንሳይኛ የሚማሩ ሕፃናትን ክፍል ቀድተው ሲቆጥሩ አስተማሪዎቹ ከሰጡት እርማት ከግማሽ በላዩ ይሄው ነበር፣ ልጆቹ ምላሽ የሰጡበት ግን ከሦስት አንዱን እንኳ አይሞላም። አስተማሪው «እስቲ ድገመው፣ ትናንት አይ...?» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ለተማሪው ሲተውለት ነው ልጁ ራሱ የሚያስተካክለው። ከክፍል ሲወጡ ጠጋ በልና «መምህር፣ ስሳሳት ቢያስቆሙኝ ደስ ይለኛል» በላቸው፣ ማንም አስተማሪ በዚህ አይቀየምም። እስከዛው «ጉድ» ሲሉህ ከጉድ በፊት ያለችውን አዳምጥ።

ጥያቄ፦ እርስ በርስ ተራረሙ ስላቸው ለጓደኛቸው 10 ከ10 ይሰጣሉ፣ የተጣሉት ደግሞ 2። ልተወው?

መልስ፦ ማርክ መስጠቱን ከእጃቸው ውሰድ እንጂ አትተወው፣ ማነው ጓደኛውን በቁጥር መጉዳት የሚፈልግ። አንድ ጥያቄ ብቻ ስጣቸው፦ «ሳይገባህ ቆመህ ደግመህ ያነበብከው የቱን ዓረፍተ ነገር ነው?» ከሥሩ ያስምሩበትና ለባለቤቱ ይመልሱለት። ይሄን ለመመለስ ጎበዝ መሆን አያስፈልግም፣ ለጓደኛም ማድላት አይቻልም፣ የጻፈው ልጅ ደግሞ ከሥሩ የተሰመረበትን ሲያይ «እንዴት አልገባህም?» ብሎ ማስረዳት ይጀምራል፣ ያኔ ጠጋ ብለህ ስማቸው።