ሺህ ዶላር ዱባይ ላይ ስንት ድርሃም ነው?

ጥያቄ፦ በሚቀጥለው ወር ዕቃ ለመግዛት ለመጀመሪያ ጊዜ ዱባይ እሄዳለሁ። አንድ ሺህ ዶላር በጥሬው፣ የቀረውን ባንክ በሞላልኝ የዶላር ካርድ እይዛለሁ። ዶላሩን ኤርፖርት ልመንዝር ወይስ ከተማ? ካርዱንስ የት ልጠቀም? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የዱባይ ደግነቱ ሒሳቡን ከቤትዎ ሳይወጡ መሥራት መቻልዎ ነው። ድርሃም ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ዶላር በ3.6725 ሒሳብ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው። ስለዚህ ሺህ ዶላርዎ 3,672 ድርሃም ከ50 ፊልስ (የድርሃም ሳንቲም) ያወጣል። ከዚህ የጎደለው ሁሉ የመንዛሪው ትርፍ ነው። በ3.50 ቢመነዝሩልዎ 172 ድርሃም ከግማሽ ሄደ ማለት ነው። 3.65ና ከዚያ በላይ ካገኙ አያመንቱ።

ኤርፖርት ላይ ለታክሲ የሚሆን 50 ዶላር ብቻ መንዝረው ይውጡ። ዴራ በሚባለው የዱባይ የገበያ ሰፈር ውስጥ ምንዛሪ ቤቶች ተጠጋግተው ስላሉ ሁለት ሦስቱን ጠይቆ መምረጥ ቀላል ነው። ሰሌዳው ላይ ሁለት ዋጋ ያያሉ፤ የእርስዎ ዝቅ ያለው፣ እነሱ ዶላር የሚገዙበት የመግዣው ነው። ገንዘቡን ከመስጠትዎ በፊት «ኮሚሽን ተቀንሶ በእጄ ስንት ይገባል?» ይበሉ፤ ዋጋው አምሮ ኮሚሽኑ የሚበላበት ቤት አለና። ፓስፖርት ስለሚጠይቁ ይያዙ፤ ቆጥረው ሳይጨርሱ ከመስኮቱ አይራቁ። የተቀደደ፣ ማኅተም ያረፈበት ወይም በእስክሪብቶ የተጻፈበት ዶላር ሊመልሱብዎ ስለሚችሉ አዲስ አበባ ባንኩ ውስጥ ሳሉ አንድ በአንድ አይተው ያስቀይሩ። የባንኩንም ደረሰኝ አይጣሉ፤ ቦሌ ላይ ዶላሩ ከየት መጣ ቢባሉ መልስዎ እሱ ነው።

ዋናው ወጥመድ ያለው ካርዱ ላይ ነው። የሱቁ ማሽን «በዶላር ወይስ በድርሃም?» ሲል ካርዴ የዶላር ነው ብለው ዶላርን እንዳይመርጡ። ያን ጊዜ ምንዛሪውን የሚተምነው የማሽኑ ባለቤት ነው፤ ትርፉንም ይጨምርበታል። 1,000 ድርሃም በታሰረው ዋጋ 272 ዶላር ገደማ ነው፤ ማሽኑ 290 ካሳየዎ 18 ዶላር በአንድ ጣት ተከፈለ። አንዳንድ ሻጭ ሳይጠይቅ ራሱ ዶላርን ይጫናል፤ ደረሰኙ በዶላር ከወጣ እዚያው ቆመው አሰርዘው በድርሃም ያስደግሙ። ኤቲኤም ላይም የቀረበልዎን የዶላር ዋጋ «አልቀበልም» ይበሉ። ብዙ ሰው ገንዘቡ የሚቀርበት ይመስለዋል፤ አይቀርም፣ ድርሃሙ ይወጣል፣ ሒሳቡን የካርድዎ ድርጅት ይሠራዋል።

ለሆቴል መያዣ ግን የተሞላ ካርድ አይስጡ። የተያዘው ገንዘብ ከሆቴሉ ከወጡ በኋላም ቀናት ሊቆይ ይችላል፤ ዕቃ ሊገዙበት ያሰቡት ታግቶ ይቀራል። በጥሬው አስይዘው ደረሰኝ ይቀበሉ። በአንድ ክፍል በአዳር ከ7 እስከ 20 ድርሃም የቱሪዝም ክፍያም አለ፤ አስቀድመው በከፈሉት ውስጥ ካልተካተተ ሲገቡ ይጠየቃሉ።

ጥያቄ፦ ድርሃም ቢተርፈኝስ?

መልስ፦ ኖቱን መልሰው ዶላር ሲገዙ የሚያዩት ከፍ ያለውን፣ የመሸጫውን ዋጋ ነው። ጥቂት ከሆነ ለሚቀጥለው ጉዞ ያስቀምጡት። ሳንቲም ግን ምንዛሪ ቤቶች ስለማይወስዱ ከመሳፈርዎ በፊት ውሃ ይግዙበት።